ደህና ነኝ ባዩ ሰርቨር፦ የፍለጋ ሰርቨሬን ጤና መመርመሪያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ነገሩ የተጀመረው በታላቅ እህቴ ስልክ ነው። እሷ የታሪክ መምህርት ናት። እኔ ደግሞ ቤት ባለችኝ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንድ የኤአይ ኤጀንት ተክያለሁ። በቴሌግራም ቦት በኩል ትጠይቀዋለች፣ እሱ ድር ላይ ይፈልግና ያገኘውን ከነምንጩ ያመጣላታል። ለክፍል የምትሰጠውን ማስታወሻ ስታዘጋጅ ይጠቅማታል። ዛሬ ከሰዓት ደወለች።

«አንተ፣ ይሄ ነገርህ አብዷል እንዴ?»

«ምን አደረገሽ?»

«ስለ አድዋ ጦርነት ብጠይቀው ምንም መረጃ አልተገኘም አለኝ። ጭራሽ የጥያቄሽን አጻጻፍ አስተካክዪ ብሎ መከረኝ።»

ስለ አድዋ! የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን፣ በየዓመቱ አደባባይ የምንወጣለትን ነገር ድር ላይ ምንም የለም ይላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። የነቃችው አድዋ ስለሆነ ነው። ስለ አንድ ብዙም የማይታወቅ የዘመነ መሳፍንት ባላባት ጠይቃው ቢሆን ኖሮ «የለም» ሲላት አምናው ታልፍ ነበር። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንዲህ አልፋ ይሆን?

ኮምፒውተሩ ላይ ገባሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤጀንቱ በራሱ ድር ላይ አይወጣም። መሃል ላይ በፓይተን የጻፍኳት ትንሽ ሰርቨር አለች። ከኤጀንቱ ጋር የምትነጋገረው በኤምሲፒ ነው፤ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ያወጣው፣ የቋንቋ ሞዴሎችን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮቶኮል ማለት ነው። ከሷ ጀርባ ሰርክስኤንጂ አለ። ሰርክስኤንጂ የራሱ የድር ማውጫ የለውም። የተጠየቀውን ለብዙ የፍለጋ ሞተሮች በአንዴ ይልክና የመጣለትን አዋህዶ ይመልሳል፣ ነፃ ሶፍትዌር ስለሆነ ማንም ቤቱ ሊተክለው ይችላል። ሰንሰለቱ እንግዲህ ረጅም ነው፦ ቦት፣ ኤጀንት፣ የኔዋ ሰርቨር፣ ሰርክስኤንጂ፣ ከዚያ ውጭ ያሉት ሞተሮች። የቱ ጋ እንደተበጠሰ ለማወቅ አምስት ቦታ ማንኳኳት ነው።

ሎጉን፣ ማለትም የሥራ መዝገቡን፣ ሳየው ሰርክስኤንጂ በወጉ መልሷል። ኮዱ 200 ነው፣ ማለትም «እሺ»። የውጤቱ ዝርዝር ግን ባዶ። ከታች «አንሬስፖንሲቭ ኢንጂንስ» የሚል መስክ አለ፣ ያልመለሱ ሞተሮች የሚመዘገቡበት። እዚያ ሁሉም ተደርድረዋል። ታይምአውት፣ ታይምአውት፣ ካፕቻ፣ ታይምአውት። ታይምአውት «በጊዜው አልመለሰም» ነው፣ ካፕቻ ደግሞ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ»። የኔ ኮድ ያንን መስክ ከፍቶም አያየው። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ለኤጀንቱ ይሰጣል፣ ኤጀንቱም አምኖ ለእህቴ።

ልጅ ስኳር ግዛ ብለው ይልኩታል። ሱቁ ተዘግቷል። ተመልሶ «ስኳር የለም» ይላል። ልጁ አልዋሸም፣ ግን እናቱ ሰፈሩ ውስጥ ስኳር የጠፋ ይመስላታል። የኔም ሰርቨር ያደረገችው ይህንኑ ነው።

አሁን ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ አስተካከልኩ። ሰርክስኤንጂ አንድን ሞተር የሚጠብቀው፣ ካልቀየሩት፣ 3 ሰከንድ ነው። እኛ ቤት ማታ ማታ መስመሩ ሲዝል 3 ሰከንድ ምንም አይደለም። ወደ 6 ከፍ አደረግኩት። አድዋ ተመለሰ። ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው፦ ኤጀንቱ ራሱ ሊጠራው የሚችል የጤና መመርመሪያ። ስሙን «ሁኔታ» አልኩት። ነገ እጀምራለሁ።

እሁድ

ቡናው ሳይፈላ ጨረስኩት ብዬ ነበር። ሃያ መስመር ኮድ። ሰርክስኤንጂ ለጤና ጥያቄ የተዘጋጀ የራሱ አድራሻ አለው፣ ሄልዝዚ ይባላል፣ ሲጠይቁት «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል። እሱን ጠየቅኩ፣ «ኦኬ» አለ፣ «ሁኔታ» ደግሞ «ሰርቨሩ ደህና ነው» አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ለሙከራ የኮምፒውተሩን የኢንተርኔት ገመድ ነቀልኩትና ደግሜ ጠየቅኩ።

«ሰርቨሩ ደህና ነው።»

እንዴ! ግን እኮ እውነቱን ነው። የጠየቅኩት «አለህ ወይ?» ብዬ ነው፣ እሱም አለ። እኛ አገር «እንደምን አደርክ» ሲባል አርባ ትኩሳት የያዘው ሰውም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ቀጥሎ «ምነው ፊትህ ጠቆረብኝ?» ብሎ የሚነዘንዝ ሰው ካልመጣ ሕመሙን አይናገርም። «ሁኔታ» ያ ነዝናዥ ሰው መሆን አለበት።

ስለዚህ ከቅርብ ወደ ሩቅ ደረጃ በደረጃ እንዲጠይቅ አደረግኩት። መጀመሪያ የራሱን ነገር፦ የሰርክስኤንጂ አድራሻ ተሰጥቶኛል? አጻጻፉ ትክክል ነው? ቀጥሎ፦ እዚያ አድራሻ ላይ የሚመልስ አለ? ቀጥሎ፦ ጄሰን፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚያነቡትን የጽሑፍ አቀራረብ፣ ይሰጠኛል? ይህ ለብቻው ሊጠየቅ የሚገባው ነው፣ ምክንያቱም ሰርክስኤንጂ አዲስ ሲተከል የሚሰጠው የሰው ዓይን የሚያየውን ገጽ ብቻ ነው፣ ጄሰንን በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ የፎርማት ዝርዝር ላይ ካልጨመሩት 403፣ ማለትም «ተከልክሏል»፣ ብሎ ይመልሳል። ብሮውዘር ላይ ሲከፍቱት ያምራል፣ ይሠራል፣ ኤጀንቱ ሲመጣ በሩ ይዘጋበታል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስተክለው አንድ ሙሉ ምሽት ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አሁን 403 ሲመጣ «ሁኔታ» «ተከልክያለሁ» ብቻ አይልም፣ የትኛው ፋይል ላይ ምን መጨመር እንዳለበት ይናገራል። በመጨረሻ፦ ሞተሮቹ፣ አንድ በአንድ።

አንዱ ደረጃ ከወደቀ ከሱ በታች ያለው አይጠየቅም። «አልተፈተሸም» ይባላል እንጂ «ወድቋል» አይባልም። በሩ ተዘግቶበት የቆመ ሰው ሳሎኑ ተቃጥሏል ማለት አይችልም።

የሁኔታ ስሞችንም አወጣሁ። ጤነኛ፣ ያነክሳል፣ ወድቋል፣ አልተፈተሸም። «ያነክሳል» የምትለዋን ወድጃታለሁ። ከስድስት ሞተር አራቱ ሲመልሱ ምን ትለዋለህ? ጤነኛ አይደለም፣ አልወደቀምም። ይሄዳል፣ ግን እያነከሰ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ ዶከር ኮንቴይነር አዛወርኩ፤ ኮንቴይነር ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ ሳጥን በሉት። ወዲያው «ወድቋል» አለ። ሰርክስኤንጂ ግን ብሮውዘር ላይ እየሠራ ነው! ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አድራሻው «ሎካልሆስት፣ ፖርት 8080» ነበር፣ ሎካልሆስት ደግሞ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሆን ያ ኮንቴይነር ራሱ ነው፣ ውጭ ያለውን ኮምፒውተር አያውቅም። ሰርቨሯ የራሷን በር እያንኳኳች «ማንም የለም» ትላለች። በዶከር ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ባለው የሰርቪሱ ስም ቀየርኩትና ተፈታ። «ሁኔታ» ላይም አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆንኩና አድራሻው ሎካልሆስት ከሆነ፣ ገና ሳልሞክር ተናገር።

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ ሁለት ውርደት።

አንደኛው፦ «ሁኔታ» ሲጠራ ግንኙነቱ በጠቅላላ ይበጠሳል። ፍለጋውም፣ ሁሉም ነገር። ለካ ትናንት ለማየት ያህል ብዬ አንዲት «ፕሪንት» ትቻለሁ። ሰርቨሯ ለኤጀንቱ የምትመልሰው በስታንዳርድ አውትፑት ነው፣ «ፕሪንት» የተባለ ሁሉ በሚወጣበት መንገድ፣ እያንዳንዱ መልእክት አንድ መስመር ጄሰን ሆኖ። እኔ መሃል ላይ «እየፈተሽኩ ነው...» ብዬ ሳወራ ኤጀንቱ ያንንም ጄሰን ነው ብሎ ሊያነብ ይሞክራል። በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች መሃል ገብቶ እንደመጮህ ነው። የራሴን ወሬ ለስህተት መልእክት ወደተለየው መንገድ፣ ወደ ስታንዳርድ ኤረር አዞርኩት። ይህን ቀድሞም አውቀው ነበር፣ ማወቅ ግን ከመርሳት አያድንም።

ሁለተኛው፦ ሞተሮቹን ተራ በተራ ስጠይቅ ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ሰጥቻለሁ። ሞተሮቹ ስድስት ናቸው። መስመሩ በጠፋ ቀን 60 ሰከንድ ሙሉ ይወስዳል። ቦቴ ደግሞ በታይፕስክሪፕት ነው የተጻፈው፣ የኤምሲፒው የታይፕስክሪፕት ላይብረሪ ካልቀየሩት የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ መመርመሪያው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ሁሉም ሲወድቅ፣ ምርመራውን ሳይጨርስ እሱም ይወድቃል። ነገሮች ደህና ሲሆኑ ግን በሁለት ሰከንድ «ደህና» ይላል። ሐኪሙ ጤነኛ ብቻ ነው የሚያክመው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ቀየርኩ። ለጠቅላላው 8 ሰከንድ፣ ከዚያ ያልመለሰው «አልመለሰም» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ።

ማክሰኞ ሌሊት

የዛሬው እንቆቅልሽ ጥርሴን አስነከሰኝ።

አድራሻውን ለሁለት ጓደኞቼ ልሰጥ ስለፈለግኩ የሰርክስኤንጂን ገደብ መቆጣጠሪያ አበራሁት፤ ሊሚተር የሚሉት፣ ሮቦቶችን የሚያባርረው። ከዚያ «ሁኔታ»ን ጠራሁ። አራት ሞተሮች ጤነኛ፣ ሁለቱ ታመዋል። እሺ፣ ይሆናል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሜ ጠራሁ። ስድስቱም ታመዋል። እራት በላሁ፣ ተመለስኩ፣ ከሰዓት በላይ አልፏል። ጠራሁ። አራት ጤነኛ፣ ሁለት በሽተኛ። ግን ሁለቱ ሌሎች ናቸው! ቅድም የታመሙት ድነዋል፣ ጤነኞቹ የነበሩት ታመዋል።

ሁልጊዜ አራት። ለምን አራት?

ሰነዱን አልከፈትኩም፣ ኮዱን ነው የከፈትኩት። ገደቡ ሲበራ በጄሰን ለሚመጣ ጥያቄ ከአንድ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) የሚፈቀደው በ3600 ሰከንድ ውስጥ 4 ብቻ ነው። አምስተኛው 429 ይባላል፣ «በዛብኝ» ማለት ነው። የኔ «ሁኔታ» ደግሞ በአንድ ምርመራ ስድስት ጥያቄ ይልካል። በአንድ ጊዜ ስለሚልካቸው የትኞቹ አራቱ ቀድመው እንደሚገቡ የዕድል ጉዳይ ነው። የቀሩት ሁለቱ «በሽተኛ» ይሆናሉ። ሞተሮቹ ምንም አልሆኑም። ያሳመማቸው ምርመራው ነው! ይባስ ብሎ ለአንድ ሰዓት የእህቴንም ፍለጋ ዘግቶባታል።

ሦስት ነገር አደረግኩ። የቤቱን የኮንቴይነሮች ኔትወርክ በሊሚተሩ ፋይል ውስጥ ከሚታለፉት አይፒዎች ዝርዝር ላይ ጨመርኩ። ይህ ቀላሉ ነው። ሁለተኛ፣ የምርመራውን መልስ ለ5 ደቂቃ ያዝ አልኩት፣ በዚያ መሃል ቢጠየቅ የያዘውን ይሰጣል፣ መቼ እንደተመረመረ ጭምር።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አሰብኩ። ለመሆኑ ለምን እንደ አዲስ ይጠይቃል? ሰዎች ቀኑን ሙሉ እውነተኛ ፍለጋ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ መልስ የትኛው ሞተር እንዳልመለሰና ለምን እንዳልመለሰ ይዞ ይመጣል፣ ያው ቅዳሜ ሳላነበው የቀረሁት መስክ። እሱን እየሰበሰብኩ ብይዝ ማንንም ሳላስቸግር የሁሉንም ጤና አውቃለሁ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 20 ፍለጋዎች ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። «ሁኔታ» መጀመሪያ እሱን ያነባል። አዲስ ጥያቄ የሚልከው ላለፈው አንድ ሰዓት ምንም ፍለጋ ካልተደረገ ወይም ጠሪው «በጥልቀት» ካለ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ያገኘሁት ሌላ ጥቅም፦ አንድ ሞተር ሲያኮርፍ ሰርክስኤንጂ ለተወሰነ ጊዜ ያግደዋል፣ ደግሞ ደጋግሞ አያስቸግረውም። የጊዜው ርዝመት እንደ ምክንያቱ ነው። «ጥያቄ በዝቷል» ከተባለ 3600 ሰከንድ፣ ካፕቻ ከመጣ 86400፣ ማለትም አንድ ቀን ሙሉ። ይህን ካወቅኩ «ሁኔታ» ከ«ታግዷል» ይልቅ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞክር» ወይም «እስከ ነገ አትጠብቀው» ማለት ይችላል። እህቴ የምትፈልገው ይህንን ነው እንጂ የሞተሩን የስህተት ስም አይደለም።

በነገራችን ላይ ሰዓቱ ራሱ ጉድ ሠርቶኛል። ሎጉ የሚጽፈው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው። 18:04 ይላል። የኮምፒውተሩ ሰዓት 21:04 ነው። እኔ የማስበው ማታ 3 ሰዓት ከ4 ብዬ ነው። የኛ አቆጣጠር ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ፣ የኮምፒውተሩ ደግሞ በ3 ሰዓት ወደፊት፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ ጣቴን እቆጥራለሁ። ሌሊት ሲሆንማ የባሰ ነው። በመጨረሻ «ሁኔታ» ሰዓት እንዳይጽፍ ከለከልኩት፤ «ከ12 ደቂቃ በፊት» ይበል፣ በቃ።

ሐሙስ

ሞተሩ መመለሱ ብቻ አይበቃም፣ ረብ ያለው ነገር መመለሱንም ማወቅ አለብኝ። አንዳንዱ 200 ብሎ ውጤት ይልካል፣ ውጤቱ ግን ከጥያቄው ጋር ምንም አይተዋወቅም፤ በተለይ በአማርኛ ሲጠየቅ። ስለዚህ በጥልቀት ሲመረመር መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን ጥያቄ እልካለሁ፦ «አድዋ»። ከሚመጡት ርዕሶች ቢያንስ አንዱ ውስጥ «አድዋ» የሚለው ቃል ካለ ጤነኛ ነው።

አንዱ ሞተር በተደጋጋሚ «ወድቋል» ይባላል። በዓይኔ ሳየው ያማሩ አሥር ውጤቶች መልሷል። ሁሉም ስለ ጦርነቱ ናቸው። ታዲያ?

«ዓድዋ»። በዐይኑ ዓ ነው የጻፉት።

ይህን እንግሊዝኛ ብቻ የሚፈትሽ ሰው በሕይወቱ አይገጥመውም። ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ስናነባቸው አንድ ናቸው፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን አ እና ዐ እንደ ሀ እና ለ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ከማወዳደሬ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ቤተሰብ የሚመልስ ፈንክሽን ጻፍኩ። በዩኒኮድ የ«ዐ» ቤተሰብ ከ«አ» ቤተሰብ ልክ በ48 ቁጥር ይርቃል፣ ስለዚህ 48 መቀነስ ነው። ቆንጆ። አስኬድኩት። አሁንም «ወድቋል»!

ቆይ። ዓ ራብዕ ነው። ከሱ 48 ሲቀነስ የሚመጣው ኣ ነው፣ ራብዑ፤ ግዕዙ አ አይደለም። «ኣድዋ» ሆኖ ቀረ። በአማርኛ አ እና ኣ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ሀ እና ሃም እንዲሁ፣ ስለዚህ እነሱንም ለየብቻ ማዋሃድ ነበረብኝ። ፊደል ስቆጥር የኔታ ፊት ተቀምጬ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ያልኩት ለዚህ ቀን ነበር ማለት ነው። አሁን አድዋ፣ ዓድዋ፣ ዐድዋ አንድ ሆኑ።

ሌላ አማርኛ ነክ ነገር። የፓይተን ጄሰን ካልከለከሉት እያንዳንዱን የኛ ፊደል ወደ ስድስት ቁምፊ ኮድ ይለውጠዋል። «አድዋ» 18 ቁምፊ ይሆናል። ሎጉን ማንበብ አይቻልም፣ ለሞዴሉም ያለ ጥቅም የሚቆጠር ቶከን፣ ማለትም የጽሑፍ ቁራጭ፣ ነው። አንዲት ቅንብር ነች፣ ኤንሹር አስኪ የሚሏት፣ አጠፋኋት።

ዓርብ

ዛሬ አጭር ነው፣ ምክንያቱም አፍሬያለሁ።

እህቴ «ይሄ ምንድነው የጻፈልኝ?» ብላ የስክሪን ፎቶ ወደ ቤተሰብ ግሩፓችን ላከች። አሥራ አራት ሰው ያለበት። «ሁኔታ» የራሱን ቅንብር ሲዘረዝር ሁሉንም ዘርዝሯል፣ ለመጠባበቂያ የያዝኩትን የአንድ የሚከፈልበት የፍለጋ አገልግሎት ኤፒአይ ቁልፍ፣ እንደ ይለፍ ቃል ያለውን፣ ጨምሮ። ሙሉውን። አጎቴ ደግሞ ከሥሩ አሪፍ ነው ብሎ አውራ ጣት አድርጎበታል።

ቁልፉን ወዲያው ሰርዤ ሌላ አወጣሁ። ግሩፑ ትንሹ ችግር ነው። የመሣሪያ መልስ ሁሉ ወደ ሞዴሉ ይሄዳል፣ ሞዴሉ ደግሞ እኔ ቤት አይደለም ያለው። እና የንግግሩ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። አሁን «ሁኔታ» ስለ ቁልፍ የሚለው ሁለት ነገር ነው፦ «ተቀምጧል» ወይም «አልተቀመጠም»። የመጨረሻ አራት ፊደሉን ልተው ብዬ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ማንን ሊጠቅም?

ቅዳሜ

አንድ ሳምንት ሆነው። መሣሪያው ይሠራል፣ ኤጀንቱ ግን አላግባብ ይጠቀምበታል። እህቴ «ሰላም» ስትለው ሄዶ ምርመራ አድርጎ «ሰላም ነኝ፣ ከስድስት ሞተሮች አምስቱ እየሠሩ ነው» ይላታል። ቅዳሜ ጠዋት ለሚመጣ ሰላምታ!

ጥፋቱ የመግለጫው ነው። መሣሪያውን ስመዘግብ «የፍለጋ ሰርቨሩን ሁኔታ ያሳያል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሞዴሉ መሣሪያ የሚመርጠው ያንን መግለጫ አንብቦ ነው። ምን እንደሚሠራ ነግሬዋለሁ፣ መቼ እንደሚጠራ ግን አልነገርኩትም። እንዲህ ቀየርኩት፦ «ፍለጋ ስህተት ሲመልስ ወይም ውጤት ሊኖረው ለሚገባ ጥያቄ ባዶ ሲመለስ ብቻ ጥራ። ለሰላምታ፣ ለተራ ጥያቄ አትጥራ። በአንድ ንግግር ከአንድ ጊዜ በላይ አያስፈልግም።» ወዲያው አረፈ።

መልሱንም ቀየርኩ። በፊት ረጅም ጄሰን ነበር፣ የእያንዳንዱ ሞተር ሚሊሰከንድ ሳይቀር። ሞዴሉ ያንን ሲያነብ አንዳንዴ «ሰርቨሩ በአማካይ በ840 ሚሊሰከንድ ይመልሳል» ብሎ ለእህቴ ያስረዳታል። ምን ታድርገው? አሁን ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ሆኗል፣ እስከ መቼ፣ ለተጠቃሚው ምን ይባል። ዝርዝሩን የሚፈልግ «በጥልቀት» ይበል፣ ያ የኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ከሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ሎጉን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። ፍለጋ ባዶ ሲመጣ ኤጀንቱ «ሁኔታ»ን የሚጠራው ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ በራሱ ተማምኖ «መረጃ የለም» ይላል። መግለጫውን የቱንም ያህል ባሳምረው ይህ አይቀርም። እና ለምን እሱ ይጠራል? የፍለጋ መሣሪያው ራሱ እያወቀ ለምን ይደብቃል?

የፍለጋውን ኮድ ከፈትኩ። ውጤቱ ባዶ ከሆነና ያልመለሱ ሞተሮች ካሉ፣ መልሱ ባዶ ዝርዝር መሆኑ ቀረ። የኤምሲፒ የመሣሪያ መልስ «ኢዝኤረር» የሚል ምልክት አለው፣ ስህተት ነው ለማለት። እሱን አበራሁና እንዲህ አልኩት፦ «መፈለግ አልተቻለም። ከ6 ሞተሮች 5ቱ አልመለሱም። ይህ ማለት መረጃው የለም ማለት አይደለም፤ ለተጠቃሚው የለም አትበል።» ሁሉም ሞተሮች መልሰው ባዶ ከሆነ ብቻ «ተፈልጎ አልተገኘም» ይላል።

ስምንት መስመር ኮድ። ያለፈው ቅዳሜ እህቴ እንደደወለች ይህችን ብጽፋት ኖሮ ግማሹ ችግር እዚያው ያልቅ ነበር። «ሁኔታ» አስፈላጊ ነው፣ አልጸጸትበትም፣ ግን ሐኪም ቤት ከመሥራቴ በፊት በሽተኛው «አሞኛል» ማለት እንዲችል ማድረግ ነበረብኝ።

ሰኞ

ሌሊት መብራት ሄዶ ንጋት ላይ መጣ። ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሳ፣ ኮንቴይነሮቹም ተነሱ፣ ቦቱም ይመልሳል። እህቴ 2 ሰዓት ላይ ጠየቀችው። «መፈለግ አልተቻለም፣ ከ6 ሞተሮች 6ቱም አልመለሱም» አላት። «ሁኔታ»ን ጠራ። እሱ ደግሞ ስድስቱንም በየስማቸው በሽተኛ አደረጋቸው።

ስድስት የማይገናኙ ድርጅቶች፣ በተለያየ አገር ያሉ፣ በአንድ ጠዋት አንድ ላይ አይታመሙም። ሠርግ አብረው አልበሉ። አንዱ ብቻ ሲወድቅ ችግሩ የሱ ነው፣ ሁሉም በአንዴ ሲወድቁ ግን ችግሩ የኛ ቤት ነው። የሰርክስኤንጂ ኮንቴይነር የተነሳው ራውተሩ መስመር ሳያገኝ በፊት ነበር። ኋላ መስመሩ ቢመጣም እሱ ስሞችን ወደ አይፒ መፍታት አቅቶት ቀርቷል፤ የቦቱ ኮንቴይነር ግን ዘግይቶ ስለተነሳ ደህና ነው። አንድ ሪስታርት አበቃው።

«ሁኔታ» ላይ ይህን ሕግ ጻፍኩ፦ ሁሉም አንድ ላይ ከወደቁ ሞተሮቹን በስም አትክሰስ፣ «ከቤት የሚወጣው መስመር ወይም የስም መፍቻው ነው» በልና ሰርክስኤንጂ እንደገና ይነሳ በል። ራሱ እንዲያስነሳው ፈልጌ ነበር። አልፈቀድኩለትም። መመርመሪያ ያያል እንጂ አይነካም፤ አንድ ቀን ሞዴሉ ተሳስቶ በየደቂቃው ሲያስነሳ ባገኘውስ? ለጊዜው ለእኔ በቴሌግራም መልእክት ይልካል፣ እኔ ከቢሮ አስነሳዋለሁ።

ረቡዕ

ማታ እህቴ ደወለች። «ያነክሳል» የምትለዋን መልስ አይታ ስትስቅ ቆየች። «እንደ አያታችን ነው የሚያወራው» አለች። ሁለቱ ሞተሮች እስከ ነገ እንደታገዱ፣ በቀሩት ግን መፈለግ እንደሚቻል ነግሯት፣ እሷም ቀጥላ የፈለገችውን አግኝታለች።

አንድ ቅሬታ ግን አላት። ስለ ሰገሌ ጦርነት ስትፈልግ በንጉሡ ሠ «ሠገሌ» ብላ ጻፈችና ሁለት ውጤት ብቻ መጣላት። በእሳቱ ሰ ስትጽፈው ግን ገጹ ሞላ። «ሁኔታ»ን ጠየቅኩት። ሞተሮቹ ሁሉም መልሰዋል፣ ጤነኛ ነው አለ። ልክ ነው፣ ጤነኛ ነው። ሐሙስ የጻፍኳት ፊደል አዋሃጅ ያለችው ግን ምርመራው ውስጥ ብቻ ነው። ፍለጋው ራሱ አያውቃትም።

ከመላኩ በፊት የጥያቄውን ሁለት ሦስት አጻጻፍ አውጥቶ ሁሉንም መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ጥያቄው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ያ የማክሰኞው 429 ደግሞ ከውጭ ሞተሮቹ በኩል ይመጣብኛል። ምናልባት መጀመሪያ እንደተጻፈው፣ ውጤቱ ካነሰ ብቻ ሌላውን አጻጻፍ። ለዚህ ሌላ ፋይል ከፍቻለሁ። የምርመራውን ፋይል ዘጋሁት።